ዲስፕሌዩ 96 ያሳያል፣ ውሃው ግን 92 ላይ ይፈላል፦ የአኖዳይዚንግ ሲሊንግ ገንዳ ሴንሰር ጉዳይ

ገንዳ ጠባቂ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል እሠራለሁ። ለመስኮትና ለበር የሚሆኑትን ፕሮፋይሎች በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ አኖዳይዝ ካደረግን በኋላ፣ በላያቸው የተፈጠረው የኦክሳይድ ንጣፍ ገና ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ እንዲደፈኑ በሞቀ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንነክራቸዋለን፤ ሲሊንግ የምንለው ይህንን ነው። መስመሩን የተከሉልን ሰዎች የተዉልን መመሪያ የውሃው ሙቀት ከ96 እስከ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤቹ ደግሞ 6 አካባቢ እንዲሆንና ለእያንዳንዱ ማይክሮን ውፍረት 3 ደቂቃ እንዲሰጠው ያዝዛል።

ችግሬ እንዲህ ነው። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ በቀለም ጠብታ ፍተሻ የሚወድቁ ፕሮፋይሎች በዝተዋል። ፊቱን በአሲድ አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩበት የቀለም ጠብታ ታጥቦ መልቀቅ ሲገባው፣ ሰማያዊ ክብ ሆኖ ይቀራል። ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ቀድሞ 1 ወይም 2 እናገኝ ነበር፤ አሁን 3 እና 4 ሆኗል። የንጣፉን ውፍረት በኤዲ ከረንት መለኪያ ስለካው ከ15 እስከ 17 ማይክሮን ነው፤ ስለዚህ አኖዳይዚንጉ ጤናማ ይመስለኛል። የሲሊንግ ገንዳው ኮንትሮለር ሽፍቱን ሙሉ ከ96 እስከ 97 ሲያሳይ ይውላል፣ የሙቀት መዝገቡም ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የውሃው ኮንዳክቲቪቲም (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) በገደቡ ውስጥ ነው። ሴንሰሮቹ ሁሉ ደኅና ነን እያሉኝ ሥራው ግን እየተበላሸ ነው። ከየት ልጀምር?

ኦሞሜትር

የሽፍቱን መዝገብ ሳላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፋብሪካው በእርግጥ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ክፍት በሆነ ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ እንዴት አድርጎ 96 ዲግሪ ይደርሳል? ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ 90.5 አካባቢ ላይ በፈላ ነበር። እናቶቻችን ሽምብራና ባቄላ በፕሬዠር ኩከር ካልሆነ አልበስል የሚላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል ስቲም ቢለቁበት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ስለዚህ ዲስፕሌዩን ለጊዜው ይተዉትና ሴንሰሩን ራሱን ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ገንዳ የሚገጠመው ፒቲ 100 የሚባለው የፕላቲነም ሴንሰር ነው፤ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 138.5 ኦም ሬዚስታንስ አለው። ውሃው እየፈላ ሳለ ገመዱን ከኮንትሮለሩ ነቅለው በማልቲሜትር ቢለኩት፣ በ92 ዲግሪ 135.5 ኦም፣ በ96 ዲግሪ ደግሞ 137 ኦም ማግኘት ይኖርብዎታል። ገመዱ ረጅም ከሆነ የራሱ ሬዚስታንስ እንደሚጨመርበት አይርሱ፤ በሁለት ሽቦ ብቻ የተገጠመ ከሆነ 1 ኦም የገመድ ሬዚስታንስ ንባቡን በ2.6 ዲግሪ ያሳድገዋል። በሦስት ሽቦ ከተገጠመ ኮንትሮለሩ ራሱ ያቀናንሰዋል፤ በማልቲሜትር ሲለኩ ግን ቅነሳውን እርስዎ ማድረግ አለብዎት።

ገንዳ ጠባቂ

ዛሬ ጠዋት ከኤሌክትሪክ ክፍል ባልደረባዬ ጋር ሆነን እንዳሉት አደረግን። ሴንሰሩ ባለ ሦስት ሽቦ ነው። የገመዱን ቀንሰን 135.6 ኦም አገኘን፤ ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ ያሳይ የነበረው ግን 96.3 ነበር። ወደ ኮንትሮለሩ ሜኑ ገብተን ስንፈልግ፣ በይለፍ ቃል በተዘጋው ክፍል ውስጥ ኦፍሴት (በሴንሰሩ ንባብ ላይ የሚደመር ማረሚያ) በሚለው ቦታ 4.0 ተጽፎ አገኘነው። ማን እንዳስገባው በመዝገብ የለም። በመለዋወጫ መጋዘኑ ካርድ ላይ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አዳዲስ ፒቲ 100 ወጪ ሆነው አየሁ፤ ይህም የዛሬ ስምንት ወር ገደማ ነው። ሴንሰሩን ሁለት ጊዜ ቀይረው አሁንም 92 ሲልባቸው በቁጥር ያረሙት ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በፈረምኩባቸው የጥራት ሰነዶች ላይ 96 ዲግሪ ብዬ ጽፌያለሁ።

የጥገና ነባር

በጥገና ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ፣ ኦፍሴቱን ላስገባው ሰው ትንሽ ልከራከርለት። እኔም በሌላ ፋብሪካ፣ በሌላ ገንዳ፣ ይህንኑ አድርጌ አውቃለሁ። እንዲህ ያሉ መስመሮች ብዙ ጊዜ ገንዳው ከ95 በታች ከሆነ ክሬኑ ጭነቱን እንዳያወርድ የሚከለክል ኢንተርሎክ አላቸው። መስመሩን የተከለው ባለሙያ የመጣው ከቆላ አገር ይሆናል፤ ቁጥሩን ከመመሪያው እንዳለ ገልብጦ ያስገባል፤ ሥራው ሲያልቅም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አላርሙ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ክሬኑ ይቆማል፣ የሽፍት መሪው ይደውልልሃል፣ ሥራ አስኪያጁም «ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ቀይረው» ይልሃል። ትቀይረዋለህ፣ ያው ነው። በዚያ ሰዓት ስለ ግፊትና ስለ መፍያ ነጥብ የሚያስረዳህ ሰው የለም፤ አራት ጨምረህበት ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።

ጥፋት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ጥፋቱ የተጀመረው ኢንተርሎኩ ላይ 95 የሚለው ቁጥር በተጻፈበት ቀን ነው። በእኔ አስተያየት የኦፍሴቱ ዋናው በደል መጨመሩ አይደለም፤ አለመጻፉ ነው። በኮንትሮለሩ ሳጥን በር ላይ «4 ዲግሪ ተጨምሯል፣ ምክንያቱም...» ብሎ በወረቀት ለጥፎ ቢሄድ ኖሮ፣ እርስዎ በመጀመሪያው ሳምንት በደረሱበት ነበር።

ኬሚስት ከድሬ

የሁለታችሁንም ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ነገር አልተመለሰም። ኦፍሴቱ የገባው የዛሬ ስምንት ወር ከሆነ፣ ጠብታው መውደቅ የጀመረው ለምን በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ነው? ውሃው ያን ጊዜም 92 ነበር፣ አሁንም 92 ነው።

በሞቀ ውሃ ሲሊንግ የሚሆነው ነገር ይህ ነው፦ የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ቦማይት የሚባለውን ማዕድን ይሠራል፤ ቦማይቱ ከቀደመው ኦክሳይድ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ እያበጠ ይዘጋቸዋል። ይህ ሂደት በ92 ዲግሪ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የጥራት መመሪያዎች ቢያንስ 96 ዲግሪ የሚጠይቁት ሂደቱ በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ አስተማማኝ ሆኖ እንዲያልቅ ነው። ስለዚህ ለስድስት ወር ምናልባት በጠባቡ ስታልፉ ቆይታችኋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ተጨምሮ ገፍቶ ጥሏችኋል ብዬ እገምታለሁ። የምጠረጥረው ሲሊካን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚመጣውን የአሸዋ ዓይነት ማዕድን ነው።

ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱልኝ። የእንፋሎት ቫልቩ የሚዘጋበት ጊዜ አለ ወይስ ሁልጊዜ ክፍት ነው? በቀን ምን ያህል ውሃ ትሞላላችሁ? ውሃውን የምታጣሩበት ሬዚን ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው?

ተማሪ 5ኛ ዓመት

በኬሚካል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጥያቄዬ የዋህ ከሆነ ይቅርታ። ጨው የተጨመረበት ውሃ መፍያ ነጥቡ ከፍ ስለሚል፣ በገንዳው ውስጥ ጨው አሟሙቶ 96 ማድረስ አይቻልም?

ኬሚስት ከድሬ

ጥያቄዎ የዋህ አይደለም፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው። በ1 ኪሎ ውሃ ውስጥ 58 ግራም የገበታ ጨው ሲሟሟ መፍያ ነጥቡ ከፍ የሚለው በ1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 4 ዲግሪ ለማግኘት በየኪሎው ከ200 ግራም በላይ ጨው ያስፈልግዎታል፤ ይህም ከባሕር ውሃ ስድስት እጥፍ በላይ የጨው መጠን ነው። ክሎራይድ ደግሞ የአሉሚኒየም ዋና ጠላት ነው፤ ፕሮፋይሉ ከገንዳው የሚወጣው በነቀዝ የተበላ እህል መስሎ ነው። ገንዳውን ዘግቶ ግፊት መፍጠር፣ ማለትም እንደ ፕሬዠር ኩከር በእንፋሎት ማሸግ፣ በመርሕ ደረጃ ይሠራል፤ ነገር ግን 6 ሜትር ፕሮፋይል የሚያስገባ የግፊት ታንክ ማን ይገዛል?

ገንዳ ጠባቂ

ለኬሚስቱ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው። ሴት ፖይንቱ (ኮንትሮለሩ እንዲደርስበት የታዘዘው ሙቀት) 97 ነው። ገንዳው ቢፈላም የሚታየው 96.3 ስለሆነ ኮንትሮለሩ ገና አልደረስኩም ብሎ ቫልቩን አይዘጋም፤ ከሰዓት በኋላ ሄጄ በዓይኔ አየሁት፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ቤቱ ሁሉ በእንፋሎት ስለሚሞላ ሠራተኞቹ «ሐማም» ይሉታል፤ እኔም እንደ ቀልድ ስሰማው ነበር የኖርኩት። ስለ ሙሌት ውሃው መዝገብ የለንም፣ ቆጣሪም የለውም። ኦፕሬተሩ ግን ጠዋት ሲገባ የውሃው ወለል ከምልክቱ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ እንደሚያገኘው ነገረኝ። ገንዳው በሙሉ ተደፍቶ ከታጠበ ሰባት ወር አልፎታል። ሬዚኑ የሚታደሰው የኮንዳክቲቪቲው መለኪያ ገደቡን ሲያልፍ ብቻ ነው።

ኬሚስት ከድሬ

እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ። የኦፍሴቱ እውነተኛ ጉዳት ሰነዱ ላይ የተጻፈው የሐሰት ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ቫልቩም ያንን ቁጥር አምኖ ሲሠራ ቆይቷል። ውሃን ከ25 ዲግሪ ወደ 92 ለማሞቅ በኪሎው 280 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,270 ኪሎጁል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ቦይለራችሁ አብዛኛውን ነዳጅ የሚያቃጥለው ሰማዩን ለማሞቅ ነው። ከዚያ የከፋው ግን፣ ውሃው ሲተን የሚሄደው ውሃ ብቻ መሆኑ ነው። በሙሌት ውሃው ውስጥ የመጣ ሲሊካ ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል፣ በየቀኑም ይደራረባል። ሲሊካ በንጣፉ ላይ ተጣብቆ ቦማይት እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ለዚህም ጥቂት ሚሊግራም በሊትር ይበቃዋል። ፎስፌትም እንዲሁ ያደርጋል።

«ኮንዳክቲቪቲው በገደቡ ውስጥ ነው» ብለዋል። ኮንዳክቲቪቲ ሴንሰር የሚያየው በውሃ ውስጥ በአየን መልክ ያለውንና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ነገር ብቻ ነው። ሲሊካ ግን በዚህ ፒኤች እጅግ ደካማ አሲድ ሆኖ አብዛኛው ሳይከፋፈል ስለሚገኝ፣ ለዚያ ሴንሰር የለም ማለት ይቻላል። ደካማ አናየን ሬዚን ሲሊካን ጨርሶ አይዝም። ጠንካራ ሬዚንም ቢሆን ሊሞላ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚለቀው ሲሊካን ነው፤ ያን ጊዜ መለኪያው ገና ጥሩ ቁጥር እያሳየ ነው። እሳተ ገሞራ በፈጠረው መሬት ላይ የተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሲሊካው ብዙ እንደሚሆን ከወዲሁ ይጠብቁ። የሚለካውም በሞሊብዴት የቀለም ፍተሻ ነው፤ አነስተኛ የመስክ ኪት አለው፤ ናሙናው ሰማያዊ ይሆንና ከሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ከገንዳውም፣ ከሙሌት ውሃውም፣ ከሬዚኑ መውጫም ይለኩ።

ከአውሮራ

በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ በአኖዳይዚንግ ሱቅ ስሠራ አሥር ዓመት ሆነኝ። ይህን ክር ሳነብ ፈገግ አልኩ፣ ምክንያቱም እኛም ዘንድ ውሃ የሚፈላው 94.5 አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ ካሉ ሱቆች ብዙዎቹ ከ96 ጋር መታገሉን ትተው በኒኬል አሲቴት፣ ከመፍላት በታች ባለ ሙቀት ያሽጋሉ። ሌላው አማራጭ በኒኬል ፍሎራይድ በ25 እና በ30 ዲግሪ መካከል የሚደረገው ቀዝቃዛ ሲሊንግ ነው፤ ለአንድ ማይክሮን አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ሆኖም ወደ ቀዝቃዛው ከመዝለልዎ በፊት ሴንሰሮቹን ያስቡባቸው። በሙቅ ውሃው የሚቆጣጠሩት ሙቀትንና ፒኤችን ነበር፤ በቀዝቃዛው ግን ኒኬልንና ነጻ ፍሎራይድን በየቀኑ መከታተል አለብዎት፣ ፍሎራይዱም ከኒኬሉ ፈጥኖ ያልቃል። ፍሎራይድ የሚለካው ለእሱ ብቻ በተሠራ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ኤሌክትሮድ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለ አሉሚኒየም ፍሎራይዱን አስሮ ስለሚደብቀው፣ በናሙናው ላይ የተወሰነ ማስተካከያ ፈሳሽ ሳይጨምሩ የሚያነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም። ከዚህም ሌላ ኒኬል ለቆዳም ለሳንባም ጎጂ ነው፤ ፍሳሹ ሳይታከም ወደ ወንዝ ሊለቀቅ አይችልም።

ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ኦሞሜትር ያሉት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በእነዚህ ገንዳዎች ሴንሰሩ የተቀመጠበት ጥልቀትም ያታልላል። በ1.5 ሜትር ጥልቀት የውሃው ክብደት በአየሩ ግፊት ላይ ስለሚጨመር፣ እዚያ ያለ ውሃ ሳይፈላ 96 ሊደርስ ይችላል። ሴንሰሩ ታች ከእንፋሎት ቱቦው አጠገብ ከተገጠመ፣ ላይኛው ፕሮፋይል 91 ሆኖ ሳለ ዲስፕሌዩ 95 ሊያሳይ ይችላል፤ ያም ቁጥር በቦታው ውሸት አይደለም። ሴንሰር የሚናገረው ስለቆመበት ስንዝር ብቻ ነው። በበትር ላይ ያሰሩት ቴርሞሜትር ይዘው ገንዳውን በስድስት ቦታ፣ ላይና ታች፣ ጭነት ከገባ በኋላ ይለኩ። የቀዘቀዘ ፕሮፋይል ሲገባ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚወርድና ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትም ይመዝግቡ፤ የሲሊንጉ ሰዓት መቆጠር ያለበት ከዚያ ወዲህ ነው።

የጥገና ነባር

ስለ ካሊብሬሽን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ ሰው ቴርሞሜትርን የሚፈትነው የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ 100 ማለቱን በማየት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ደኅናውን ሴንሰር በ8 ዲግሪ ያሳስተዋል። የሚሻለው በረዶ ነው። ከተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ በደንብ ተፈጭቶ፣ ትንሽ ውሃ ተጨምሮበት፣ በቴርሞስ ውስጥ እየተማሰለ ከቆየ 0 ዲግሪ ይሰጣል፤ ይህ ቁጥር በከፍታ ምክንያት የሚለወጥ አይደለም። ሴንሰሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር መጥለቅ አለበት።

ኦሞሜትር

ስለ ፒኤቹም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም «6 አካባቢ» የሚለው እንዴት እንደተለካ አልተነገረንም። ኤሌክትሮዱን ፈላ ውሃ ውስጥ ቋሚ አድርጎ መትከል በጥቂት ወራት ይገድለዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። መለኪያው ላይ ያለው የሙቀት ማካካሻ የሚያርመው የኤሌክትሮዱን ምላሽ ብቻ ነው፤ ይህም በ25 ዲግሪ ለአንድ ፒኤች 59 ሚሊቮልት፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 66 ሚሊቮልት የሚሆነው ነው። ውሃው ራሱ ሲሞቅ የሚያመጣውን ለውጥ አያርምም። ንጹሕ ውሃ በ90 ዲግሪ ገለልተኛ የሚሆነው ፒኤቹ 7 ሲሆን ሳይሆን 6.2 ሲሆን ነው። ስለዚህ በሙቁ ያነበቡትና በቀዝቃዛው ያነበቡት ቁጥር አንድ አይደሉም። ናሙናውን ክዳን ባለው ዕቃ ወስደው፣ ወደ 25 ዲግሪ አቀዝቅዘው ይለኩ፤ መዝገቡም ላይ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ይጻፍ።

ገንዳ ጠባቂ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዝም ያልኩት ውጤት ሳልይዝ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

በበረዶው ፍተሻ ሴንሰሩ 0.1 አነበበ፤ ማለትም መጀመሪያውኑ ጤነኛ ነበር፣ ያለጥፋታቸው የተጣሉት ሁለቱም እንዲሁ ጤነኞች ነበሩ ማለት ነው። ኦፍሴቱን አጥፍተን ሴት ፖይንቱን 91፣ የክሬኑን ኢንተርሎክ 89 አደረግነው። ቫልቩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋ የቦይለር ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀን። በሙሌት ቧንቧው ላይ ተራ የውሃ ቆጣሪ አስገጠምን፤ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ነው፣ ግን ይቆጥራል።

የሲሊካው ነገር ኬሚስቱ እንዳሉት ሆነ። የሙሌት ውሃው በኪቱ ሰንጠረዥ ላይ የደበዘዘ ሰማያዊ ሲሆን፣ የገንዳው ናሙና ግን ከሰንጠረዡ የመጨረሻ ቀለም በላይ ስለጠቆረ አሥር እጥፍ በተጣራ ውሃ አቅጥነን ነው ማንበብ የቻልነው። ገንዳውን ደፋነው። ግድግዳው ላይ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ቅርፊት ነበር። ሬዚኑንም አሳደስነው፤ ከአሁን በኋላ የሚታደሰው በኮንዳክቲቪቲው ብቻ ሳይሆን በሳምንታዊው የሲሊካ ፍተሻ ነው።

በአዲሱ ውሃ፣ በ91 ዲግሪ፣ በቀድሞው 45 ደቂቃ ያሸግናቸው ፕሮፋይሎች በጠብታው ፍተሻ 2 ሰጡ፤ አልፎ አልፎ 3 አለ። ሰዓቱን ወደ 70 ደቂቃ ስናሳድገው 1 እና 2 ብቻ አገኘን። የጠብታ ፍተሻ በዓይን ስለሚፈረድ ለክብደት መቀነስ ፍተሻ (ናሙናው አሲድ ውስጥ ሲነከር የሚያጣው ክብደት ለሚለካበት) ናሙና ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ልከናል፤ ገደቡ በካሬ ዴሲሜትር 30 ሚሊግራም ነው፣ ውጤቱ ገና አልደረሰም። እስከዚያ ድረስ በሰነዳችን ላይ 91 ዲግሪና 70 ደቂቃ ብለን እንጽፋለን፤ መመሪያው የሚጠይቀውን 96 እንዳላሟላን ለደንበኞቻችንም በጽሑፍ አሳውቀናል። አንዱ ደንበኛ ተቆጥቷል፤ ሌሎቹ ናሙና ጠይቀዋል።

አሁን ያለን ችግር 70 ደቂቃው ነው። የአኖዳይዚንግ ገንዳው በየ45 ደቂቃው ጭነት ስለሚያወጣ ሲሊንጉ ማነቆ ሆኗል። ሁለተኛ ገንዳ ወይም ቀዝቃዛ ሲሊንግ ከመጠየቃችን በፊት፣ ባለን አነስተኛ የውጭ ምንዛሪ መጀመሪያ የትኛውን ሴንሰር ብንገዛ ይሻላል?

ኦሞሜትር

የእኔ ምርጫ የሲሊንጉ ሳይሆን የአኖዳይዚንጉ የአምፔር ደቂቃ ቆጣሪ ነው፤ ምክንያቱም የሲሊንግ ሰዓታችሁ የሚወሰነው በውፍረቱ ነው። የንጣፉ ውፍረት በማይክሮን ሲሰላ፣ በካሬ ዴሲሜትር ያለው አምፔር በደቂቃው ተባዝቶ በ0.3 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል፦ 1.5 አምፔር በ40 ደቂቃ 18 ማይክሮን ይሰጣል። ሬክቲፋየሩ (ለገንዳው ከረንት የሚሰጠው መሣሪያ) ከረንቱ የሚለካበት ሻንት ስላለው ምልክቱ ዝግጁ ነው፤ የሚያስፈልገው ቆጣሪና ትንሽ ባትሪ ነው። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ኦፕሬተሩ ስንት ደቂቃ እንደቀረው በግምት ይጨምራል፣ ለጥንቃቄም ብሎ ያበዛል። ደንበኛው 15 ማይክሮን ጠይቆ ሳለ እናንተ እስከ 17 የምትሰጡት በዚህ ይመስለኛል። ያቺ 2 ማይክሮን አሁን ባላችሁበት ሂሳብ ከ8 እስከ 9 ደቂቃ የሲሊንግ ጊዜ ትበላባችኋለች።

ገንዳ ጠባቂ

ይህንን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ያለፈውን ወር የውፍረት መዝገብ መብራት ከጠፋባቸው ቀኖች ጋር ዛሬ ማታ አስተያያለሁ።

የጥገና ነባር

ስታስተያዩት የክላምፖቹንም ነገር ተመልከቱ፤ ከዘንጉ ጋር ያለው ንክኪ ከላላ ቆጣሪው የሚቆጥረው አምፔር ለሁሉም ፕሮፋይል እኩል አይደርስም፣ አንዱ 12 ሌላው 19 ይሆንባችኋል። ስለ ኦፍሴቱ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሳጥኑ በር ላይ ወረቀት ለጠፋችሁ?

ገንዳ ጠባቂ

ለጥፈናል። «ኦፍሴት 0.0። ውሃው 92 ላይ ይፈላል፤ ሴንሰሩን አትቀይሩ» ይላል። ከሥሩ የእኔና የጥገና ኃላፊው ፊርማ አለበት።